ቀንበር ለአንድ በሬ አይሠራም

ዮጋ ተምራ ወደ አይከል ለምትመለስ የወንድሜ ልጅ

ባለፈው እሑድ ደውለሽ «አክስቴ፣ የዮጋ አስተማሪነቱን ትምህርት ጨረስኩ፤ አይከል ተመልሼ ማስተማር ነው የማስበው፤ ምን ትይኛለሽ?» ስትይኝ ወዲያው አልመለስኩልሽም። ዝም ያልኩት ስላልወደድኩት አልነበረም። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልመሰለኝ ነው። ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

እኔ የማኅበረሰብ ነርስ ነበርኩ። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተምሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ሠርቻለሁ። ሰውን በእንቅስቃሴና በትንፋሽ መርዳትን አንቺ ታውቂያለሽ። ልርዳ ብሎ ሰው መካከል መግባት ምን እንደሚጠይቅ ደግሞ እኔ አይቻለሁ። ዮጋንም ቢሆን መጀመሪያ የሰማሁት ካንቺ አይደለም። ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሒሳብ የሚያስተምሩን ሕንዳዊ ነበሩ፤ ያኔ ከሕንድ የመጡ መምህራን በብዙ የአገራችን ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። ጎህ ሲቀድ በተከራዩት ግቢ ምንጣፍ አንጥፈው ሲታጠፉና ሲዘረጉ በአጥር ቀዳዳ እናያቸዋለን። ማታ ደግሞ ትምህርት የከበደንን ልጆች ሰብስበው ያለ ክፍያ ያስጠኑናል። አንድ ቀን አንዱ ደፍሮ «ጠዋት ጠዋት የሚሠሩት ምንድን ነው?» ቢላቸው «ማታ እናንተን ሳልቆጣ ለማስተማር የምዘጋጅበት ነው» አሉት። ከዚህ በታች የምመክርሽ ሁሉ ከዚያ መልስ የተቀዳ ነው።

1. የቃሉን ትርጉም ከቀንበር ተማሪ

«ዮጋ» የሚለው ቃል በሳንስክሪት ማጣመድ፣ ማያያዝ ከሚል ሥር የወጣ መሆኑን ተምረሻል። በቀጥታው ቀንበር ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ያደግሽው ቀንበር በግድግዳ በሚሰቀልበት ቤት ነው። መምህራኖችሽ ነፍስና ሥጋን፣ ሐሳብና ትንፋሽን ማጣመድ ነው ብለውሽ ይሆናል፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ገበሬ አባትሽ የሚያውቀውን አንድ ነገር ጨምሪበት። ቀንበር ለአንድ በሬ አይሠራም። አንድ በሬ ብቻ በቀረው ዓመት አባትሽ ምን አደረገ? እንዲሁ አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገባ። ተራ በተራ፣ ዛሬ የእሱን ነገ የዚያን ማሳ አረሱ።

ቀንበር ያለ ማሳም ትርጉም የለውም። በሬዎቹ የሚጠመዱት ተጠምደው ለመቆም አይደለም፤ መሬት እንዲገለበጥ፣ ዘር እንዲገባ፣ ልጆች እንዲበሉ ነው። ስለዚህ ጠዋት ተነሥተሽ ስትተነፍሺና ስትዘረጊ ሁለት ነገር ራስሽን ጠይቂ። ከማን ጋር ነው የተጠመድኩት? የማንን ማሳ ነው የማርሰው? እነዚህን ሁለቱን ሳትመልሺ የጀመርሽው ትምህርት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀንበር ያምራል እንጂ አያርስም።

2. ዓላማሽን በአንድ ሰው ወገብ ለኪው

ዓላማሽን ስጠይቅሽ «ለሰው ልጅ ሁሉ ሰላምና ጤና» አልሽኝ። መልካም ምኞት ነው፤ ግን ሰፊ ነገር አይጨበጥም። እኔ «የማን ወገብ?» ብዬ ነው የምጠይቅሽ።

አይከልን ታውቂያታለሽ። ከጎንደር በአዘዞ ወጥተሽ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ስትሄጂ፣ ደጋው ወደ መተማ ቆላ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ያለች የጭልጋ ከተማ ናት። በዚህች መንገድ ላይ ስንት ወገብ አለ! ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት የተሸከመችው ሃያ ኪሎ ነው፤ ያውም ሕፃን ሳይጨመርበት። ማገዶ የተሸከመችዋንስ ሸክሟን ማን መዝኖት ያውቃል? ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ወደ ቆላ ወርዶ ጎንበስ ብሎ ከርሞ፣ አንዳንዱ ወባ አንዳንዱ ካላዛር ይዞት የሚመለሰው ወጣት አለ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸው ከመደብ ለመነሣት ሰው የሚጠሩ አዛውንት አሉ። ለፈተና ሲሉ ሌሊቱን በስጋት የሚያሳልፉ ተማሪዎች አሉ።

ሁሉንም በአንድ ዓመት አትደርሺባቸውም። አንዱን ምረጪ። የእኔን ሐሳብ ካልሽ ውኃ ቀጂዎቹን ነው። ሸክም ከማንሣታቸው በፊት እንዴት እንደሚቆሙ፣ ከጉልበታቸው እንጂ ከወገባቸው እንዳይነሡ፣ ማታ አሥር ደቂቃ ጀርባቸውን እንዴት እንደሚያሳርፉ ብታሳዪያቸው ለእኔ በቂ ዓላማ ነው። አንዷ «ወገቤ ቀለለኝ» ስትል ዓላማሽ ሥጋ ለበሰ ማለት ነው።

3. የራስሽን ሰላም ዋርካ አድርጊው

ከሕንድ መምህራን ታሪክ አንዱን ልንገርሽ። ራማክሪሽና የሚባሉ የቤንጋል ባሕታዊ ነበሩ፤ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ኋላ ስዋሚ ቪቬካናንዳ የተባለው ወጣት ደቀ መዝሙራቸው አንድ ቀን የልቡን ምኞት ነገራቸው፤ ሌትና ቀን በተመስጦ ተውጦ መኖር፣ ነፍሱን ለማቆየት ያህል ብቻ ብቅ ማለት ነበር የፈለገው። ደቀ መዛሙርቱ እንደተረኩት መምህሩ አልተደሰቱም፤ ገሠጹት። እኔ አንተን የማስብህ ብዙ ሰው እንደሚጠለልበት ትልቅ ዋርካ ነበር፤ አንተ የራስህን ነጻነት ብቻ ትፈልጋለህ? የሚል ነበር የተግሣጻቸው ፍሬ ነገር።

ያ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ ተናግሮ ዓለም ያወቀው ሰው ሆነ። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1897 የራማክሪሽና ሚሽንን አቋቋመ። መነኮሳቱ ከተመስጧቸው ጋር ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ማስተዳደርን፣ ረኀብና ጎርፍ ሲመጣ መውጣትን እንደ አምልኮ ያዙት። «ካርማ ዮጋ» የሚሉት የሥራ ዮጋ ይህ ነው።

ዋርካን አንቺም ታውቂያለሽ። ሽምግልና የሚቀመጠው፣ ነጋዴ አህያውን የሚያሳርፈው፣ እረኛ ዝናብ የሚያመልጠው ከሥሩ ነው። ዋርካው ሥሩን ወደ ታች የሚሰደው ለራሱ ነው፤ ጥላው ግን ለመንገደኛ ነው። የጠዋት ልምምድሽ ሥርሽ ነው፤ አትተዪው። ነገር ግን ጥላ ካልጣልሽ ማንም ከሥርሽ አይቀመጥም።

4. መጀመሪያ እድር፣ ቀጥሎ ምንጣፍ

ይህን የምነግርሽ ከራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ወደ አንድ ቀበሌ ወጥቼ ስለ መፀዳጃ ጉድጓድና ስለ ምንጭ ንጽሕና ለማስተማር ሰው ሰበሰብኩ። ነጭ ገዋን ለብሻለሁ፣ ሥዕል ይዣለሁ፣ ያጠናሁትን ተናገርኩ። ሰው ጸጥ ብሎ ሰማኝ፤ ወደ ቤቱ ሄደ፤ አንድ ጉድጓድ አልተቆፈረም። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ በዚያ ቀን ሠልስት ላይ ነበርን፤ የቀበርነውን ልጅ እንኳ ስሙን አልጠየቅሽንም» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ስለ ውኃ ልነግራቸው የሄድኩት ዕንባቸው ሳይደርቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ፣ እንጀራ ይዤ ተቀመጥኩ። ጉድጓዱ የተቆፈረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ስለዚህ አንቺም ስትመጪ አዳራሽ አትከራዪ፤ ማስታወቂያ አትለጥፊ። ቀድመሽ እድር ግቢ። መዋጮሽን ክፈዪ፣ ቀብር ተገኚ፣ ለቅሶ ቤት ወጥ አማስዪ፣ ሳህን እጠቢ። የእናትሽ የጽዋ ማኅበር ሲደርስ ጠላውን አብረሽ ጥመቂ። ማኅበረሰብ የሚባለውን ነገር አዲስ ልታቋቁሚ አትድከሚ፤ እድሩ፣ ሰንበቴው፣ ወንፈሉ፣ ጅጌው ቀድሞ አለ። የሚያስፈልግሽ በእነሱ ውስጥ ስምሽ መጠራቱ ነው። ስሟ በእድር መዝገብ የተጻፈ ሴት «ኑ እስኪ ጀርባችሁን ላሳያችሁ» ስትል ሰው ይመጣል። እንግዳ ከሆነች ግን ሰው አዳምጧት ይሄዳል።

5. የመጀመሪያውን ደረጃ አትዝለዪ

የዮጋን ሥርዓት የጻፈው ፓታንጃሊ መንገዱን በስምንት ክፍል እንደከፈለው ተምረሻል። ሰው ሁሉ ዮጋ ሲባል የሚያስበው አካልን ማጠፍና መዘርጋት፣ አሳና የሚሉት፣ ሦስተኛው ነው። ከእሱ በፊት ሁለት አሉ። የመጀመሪያው ያማ ነው፤ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ሥጋን መግዛት፣ አለመስገብገብ። ሁለተኛው ደግሞ ንጽሕናና በቃኝ ማለትን የመሰለ የራስ ሥርዓት ነው። ተማሪሽ እግሯን ስታነሣ ከመታየቷ በፊት አስተማሪዋ በነዚህ መታየት አለባት።

አለመጉዳት ማለት ለአንቺ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ እንደ ነርስ ልንገርሽ። የደም ግፊት ያለበትን ሰው ራሱን ወደ ታች አድርጎ እንዲቆም አታድርጊ። ነፍሰ ጡርን በሆዷ አታስተኚ፣ ሆዷንም አታስጠምዝዥ። ማኅፀኗ ወደ ታች የወረደባት ሴት ትኖራለች፤ ነውር ብላ ትደብቃለች። ሆድን የሚያስጨንቅ እንቅስቃሴ ሁሉ ስታዪ እሷን አስቢ፤ በግል ጠርተሽ ወደ ጤና ጣቢያ ምሪያት። የእግር መደንዘዝ፣ ሽንት ያለመቆጣጠር፣ ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም ስትሰሚ «በዮጋ ይድናል» አትበዪ። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰችን፣ ቀኑን ሙሉ ስታርም የዋለችን ሴት አታድክሚ፤ ማሳረፍ ብቻ ይበቃታል። ትንፋሽ ስታስተምሪ ደግሞ ጭስ ከሞላው ማድ ቤት አውጥተሽ ይሁን። በረጅሙ ሳቢ ብለሽ ጭስ እንዳታጠጫት።

እውነት መናገርም እዚሁ ነው። ዮጋ ሁሉን ይፈውሳል ብለሽ አንድ ሰው መድኃኒቱን ቢያቆም ዕዳው ያንቺ ነው። የማታውቂውን «አላውቅም፤ ሐኪም ይየው» ማለት ክብርሽን አይቀንሰውም።

6. የሰውን እምነት አክብሪ፣ የዕቃውንም አገር አትደብቂ

ሰው ይጠይቅሻል። «ይህ ነገር የባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?» ይሉሻል። አትቆጪ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ዮጋ ከሕንድ አገር የመጣ፣ በዚያ አገር ሃይማኖትና ፍልስፍና ውስጥ ያደገ መሆኑን በግልጽ ንገሪያቸው። አንቺ የምታስተምሪው የአካልና የትንፋሽ ልምምዱን መሆኑን፣ የጸሎት ቃል እንደማታስደግሚ፣ ማንንም ከእምነቱ እንደማትጎትቺ አስረጂ። ከሁሉም በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ሙስሊም እኅቶችሽ መጥተው ከተቀመጡም ኢማማቸውን እንዲጠይቁ ራስሽ ንገሪያቸው። አንዲት እናት «እኔ ልቤ አልፈቀደውም» ብላ ብትቀር በሚቀጥለው ቀን ቡና ጠጪ ከእሷ ዘንድ።

«ስግደትም ዮጋ ነው፣ ሶላትም ዮጋ ነው» የሚል አነጋገርም አይኑርሽ። ስግደት ስግደት ነው፤ ሶላትም ሶላት ነው። ለሰጋጁ ለፈጣሪ የሚቀርብ ነው እንጂ የጡንቻ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሰውነትን ለልብ ማስገዛት ለእኛ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ዕወቂ። አቋቋም የሚመሰከርበት የጎንደር በአታ እዚሁ አጠገብሽ ነው። መቋሚያውን ይዞ፣ ጸናጽሉን እየነካ፣ እርምጃውን ከዜማው ጋር አስማምቶ ሌሊቱን የሚቆም ደብተራ አካልን ስለ መግዛት ብዙ ያውቃል። በዚህ አገር ስለ ቁመትና ስለ ትንፋሽ የምታስተምሪው እንደ አዲስ ግኝት ሳይሆን እንደ ታናሽ እንግዳ በትሕትና ይሁን።

7. በሰሌንና በበርጩማ አስተምሪ

የዮጋ መምህር ሆኖ ለትውልድ መንደሩ የተረፈ ሰው ማየት ከፈለግሽ ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋርን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1918 በደቡብ ሕንድ ቤሉር በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ወባው፣ ታይፎይዱ፣ የሳንባ ነቀርሳው ተፈራርቀውበት አጥንቱ የወጣ ልጅ ነበር። አባቱ የሞቱት ገና ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ነው። በኋላ የእኅቱ ባል የነበሩት መምህር ክሪሽናማቻርያ ዮጋ አስጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ፑኔ ከተማ ለማስተማር ተላከ። እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው መጽሐፉ ዮጋን በመላው ዓለም አሠራጨ።

ከእሱ ሁለት ነገር ውሰጂ። አንደኛው፣ ራሱ ሕመምተኛ ሆኖ ስለጀመረ ሕመምተኛን አልናቀም። ያልታጠፈላቸውን ሰዎች «አትችሉም» ብሎ አልመለሰም፤ ወንበር፣ ገመድ፣ ቀበቶ፣ ጡብ፣ ብርድ ልብስ እያቀረበ አካሉን ሳይሆን ልምምዱን አስተካከለላቸው። ይህ ሁሉ አይከል ውስጥ አለ። ከውጭ የሚገዛ የላስቲክ ምንጣፍ ለምን ያስፈልግሻል? ሰሌን አለ፣ አጎዛ አለ። ጉልበታቸው ለማይታጠፍ አዛውንት በርጩማ አለ፣ መደብ አለ። ጋቢ ሲጠቀለል ለወገብ ትራስ ይሆናል። ገመድ አህያው ጫንቃ ላይ አለ። ግድግዳ ሁሉም ቤት አለ። እናቶቻችንም ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መቀነታቸውን ታጥቀው ይሥሩ፤ የተጣበቀ ሱሪ ካልለበሳችሁ ማለት በሩን መዝጋት ነው።

ሁለተኛው፣ ቤሉርን አልረሳትም። ዝናውን ካገኘ በኋላ በወላጆቹ ስም ድርጅት አቁሞ በዚያች መንደር ትምህርት ቤትና ሕክምና እንዲኖር፣ ውኃ እንዲገባ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2014 በዘጠና አምስት ዓመቱ ሲያርፍ በልጅነቱ ያጣው ሁሉ ለመንደሩ ልጆች ተርፎ ነበር። አንቺም «አይከል ምን አላት?» አትበዪ። አንቺ ስታድጊ ያጣሽውን ቆጥረሽ ከእሱ ጀምሪ።

8. የቆሰለን ሰው «ዓይንህን ጨፍን» አትበዪ

የመንገድ ከተማ ክፉ ቀንን ቀድማ ታያለች። በ2011 ዓ.ም. በአካባቢያችን በተነሣው ግጭት ስንት ቤት ተቃጥሎ ስንት ሰው ልጁን ይዞ እንደወጣ አይተሻል። አማራውም ቅማንቱም አለቀሰ፤ የሁለቱም ዕንባ ጨው ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ በመተማ በኩል ስንት ሰው ሻንጣ እንኳ ሳይዝ ገባ። ከመጣው ሰው ውስጥ ሌሊት እንቅልፍ የሌለው፣ በር ሲንኳኳ የሚዘል፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ብዙ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ከፊትሽ ሲቀመጥ ትምህርትሽን ቀይሪ። ዓይኑን እንዲጨፍን አታስገድጂው፤ ዓይኑን ሲጨፍን የሚያየው ምን እንደሆነ አታውቂም። በሩ አጠገብ እንዲቀመጥ ፍቀጂለት፤ መውጫውን ማየት ለእሱ ትንፋሽ ነው። ከኋላው መጥተሽ ትከሻውን አትንኪ፤ ለማስተካከልም ቢሆን መጀመሪያ ጠይቂ። «ምን ደረሰብህ?» ብለሽ በሕዝብ ፊት አታስተርኪው። መብራቱን አታጥፊ። እግሩ መሬት መርገጡን እንዲሰማው፣ ትንፋሹን ከመሳብ ይልቅ ማስወጣቱን እንዲያረዝም አድርጊ፤ ይብቃው። በአንድ ክፍል ጎን ለጎን የተጣሉ ወገኖች ልጆች ቢቀመጡ ደግሞ ስለ ዕርቅ አትስበኪ። ዕርቅ የሽማግሌዎች ሥራ ነው። ያንቺ ድርሻ ለአርባ ደቂቃ አብረው እንዲተነፍሱ ማድረግ ነው።

9. ስጪ፤ ነገር ግን ራስሽን አትጨርሺ

እማማ አበበች ጎበናን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ወሎ ሲሄዱ ረኀብ የጣላቸውን ሰዎች አዩ፤ ከሞተች እናቷ ጡት ሥር ያለች ሕፃን አገኙ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጠበል ብቻ ነበር። ሕፃኗን ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሰበሰቧቸው ልጆች ሃያ አንድ ደረሱ። ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን አስከፈላቸው። ነገር ግን ያን ሥራ እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ ያቆየው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ምግብ አዘጋጅተው እየሸጡ፣ የገቢ ሥራ እየፈጠሩ ነው ልጆቹን ያሳደጉት። ርኅራኄው አስነሣቸው፤ ሥራው አቆማቸው።

አንቺም ለውኃ ቀጂዎቹ በነጻ አስተምሪ። ጎንደር ከተማ ላይ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ቢጠሩሽ ግን ዋጋሽን ጠይቂ፤ አትፈሪ። ናይሮቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው «አፍሪካ ዮጋ ፕሮጀክት» ከድሃ ሰፈር ወጣቶችን አስተማሪ አድርጎ ሲያሠለጥን መንገዱ እንዲሁ ነው፤ ወጣቶቹ በሙያው ራሳቸውን ይችላሉ፣ ለሰፈራቸው ደግሞ በነጻ ያስተምራሉ። አይከል ላይ መክፈል የማትችለዋ እናት ደግሞ ባዶ እጇን መምጣት ያሳፍራታል። አንድ እፍኝ ቡና፣ ሁለት እንቁላል ይዛ ከመጣች ተቀበያት። መቀበልም ማክበር ነው። የሚሰጠውን ሁሉ የሚመልስ ሰው ሌላውን ባለዕዳ አድርጎ ያስቀራል።

ሥራሽ ፍሬ ባያፈራ ደግሞ ልብሽ አይሰበር። ባጋቫድ ጊታ የሚባለው የሕንዶቹ መጽሐፍ ሥራህን ሥራ፣ ፍሬውን ግን የእኔ ነው አትበል ብሎ እንደሚያስተምር አንብበሻል። ይህን አባትሽ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። አራት ጊዜ ያርሳል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰማዩ ነው። ዝናብ የቀረ ዓመት «ሁለተኛ አላርስም» ያለ ገበሬ አይቼ አላውቅም።

10. ብቻሽን አትቅሪ፤ ተተኪ አፍሪ

የተማርኩበት ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የመረጠው መንገድ አሁንም ልክ ይመስለኛል። የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አብሮ አሠልጥኖ እንደ አንድ ጓድ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ አንዱ ምንጩን ያጎለብታል። አንዱ ሲጎድል ሥራው ይንጋደዳል። በፎገራ ወረዳም በ1964 ዓ.ም. አቶ ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። ጧሪ ያጡ አዛውንት የሚኖሩበት ቤት አላቸው፤ እንክብካቤው የአንድ ደግ ሰው ጉዳይ ሳይሆን የሁሉም ተራ ነው። ሁለቱም የሚያሳዩሽ አገልግሎት የሚዘልቀው ከአንድ ጫንቃ ወርዶ የብዙ ሲሆን መሆኑን ነው።

ስለዚህ ከጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ጋር ተዋወቂ፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ዙሪ፤ ከትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ጋር ተስማሚ። በሁለተኛው ዓመትሽ ደግሞ ከተማሪዎችሽ ሁለቱን መርጠሽ ማስተማር አስጀምሪያቸው። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ መምህሩ ቢታመም ዜማው አይቋረጥም። የአንቺም ሥራ መለኪያው አንቺ በሌለሽበት ሳምንት ሴቶቹ በራሳቸው መሰብሰባቸው ይሁን። ያለ አንቺ የሚቆም ከሆነ ያስተማርሽው ዮጋን ሳይሆን ራስሽን ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ የዓለም የዮጋ ቀን በእኛ ሰኔ 14 ይውላል። አዲስ አበባ ብትሆኚ በሰፊ ሜዳ ነጭ ለብሰው የተሰለፉ ሰዎች መካከል ታከብሪው ነበር። በአይከል ግን ሰኔ በሬ የሚጠመድበት ወር ነው። በዚያን ቀን ሰው አዳራሽ አትጥሪ። ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ ላይ ወንፈል ሲወጣ አንቺም ውጪ፣ እንጀራና ጠላውን አድርሺ፣ ከሴቶቹ ጋር እረሚ። ቀኑን እንዲህ ካከበርሽው ከስሙ ጋር ተገናኘሽ ማለት ነው።

ግንቦት ሳያልቅ ነዪ። ስትመጪ እድሩ የተቀደደውን ድንኳን ሰፍቶ መጋዘን የሚያስገባበት ቀን ይደርሳል፤ ስምሽን አስመዝግቤ እጠብቅሻለሁ። ሴቶቹ የድንኳኑን ቋሚ እንጨት ሲያነሡ እንደ ወትሮው ከወገባቸው ይጎነበሳሉ። አንቺ አትናገሪ። ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ጀርባሽን አቅንተሽ፣ ትንፋሽሽን እያወጣሽ አንዱን ጫፍ አብረሻቸው አንሺ። አንዷ አይታ «እንዴት ነው ያደረግሽው?» ትልሻለች። ትምህርትሽ ያኔ ይጀመር።

አክስትሽ
አይከል